ካርታው ላይ ያለው ትምህርት ቤት

ፎቶ አንባቢዋን በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሁሉም «እትዬ ጥላ» ነበር የሚላት። ስሙ የወጣላት አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር «መጀመሪያ ጥላውን እይ» ከማለት ስለማትቦዝን ነው። ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶ ላይ ቤቱም ዛፉም ምሰሶውም ከአናቱ ሲታይ ያው ነጥብ ነው፤ ቁመቱን የሚያሳብቅበት ጥላው ነው። አጭርና ወፍራም ጥላ ያለው በርሜል ነው፤ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ምሰሶ፣ ዳር ዳሩ የተንጨፈረረ ከሆነ ደግሞ ዛፍ። ይህንን ማስረዳት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጠረጴዛዋ መስኮት ተጠግቶ ይገኛል። ጠረጴዛው ላይ አራት እግር ያለው ባለ ሁለት ዓይን መነጽር አለ። ከሥሩ አንድን ቦታ ከሁለት አቅጣጫ የሚያሳዩ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዓይን ትንሽ ከታገሠ ሁለቱ አንድ ይሆኑና መሬቱ ከወረቀቱ ላይ ብድግ ይላል፤ ኮረብታው ያብጣል፣ ሸለቆው ይሰምጣል፣ ጣሪያው ዓይን ሊወጋ ይመጣል። እትዬ ጥላ ከእውነተኛው ኮረብታ ይልቅ ይህኛውን ታምነዋለች። እውነተኛው ጋ ለመድረስ መኪና መሳፈር ያስፈልጋል፤ መኪና ደግሞ ያጥወለውላታል። መስክ ከወጣች አሥራ አንድ ዓመት አልፏታል። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ «እህቴ አገሩን በሙሉ ታውቀዋለች፤ የረገጠችው ግን ከቤት እስከ ቢሮ ያለውን ነው» ትላለች ለደንበኞቿ። እትዬ ጥላ ለዚህ መልስ ሰጥታ አታውቅም። ሐሰት ቢሆን ትመልስ ነበር።

አንድ ቀን ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። እንዲህ ይላል፦

«እናንተ ባወጣችሁት ካርታ ላይ እኛ ሰፈር ትምህርት ቤት አለ። እኛ ሰፈር ግን ትምህርት ቤት የለም። ይሠራልን ብለን ስናመለክት ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ካርታችሁን ዘርግቶ ‹አላችሁ› ይለናል። ልጆቻችን ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ይጓዛሉ። ወይ ትምህርት ቤቱን ላኩልን፣ ወይ ካርታውን አርሙልን። ከሰላምታ ጋር።»

የክፍሉ ኃላፊ ዳሩ ላይ «ለመረጃ» ብሎ ጻፈበትና ፋይል ውስጥ አስገባው። በወሩ ያው ደብዳቤ ድጋሚ መጣ። በሌላው ወር ሦስተኛ መጣ። በአራተኛው ወር ደብዳቤ የለም፤ ሰውየው ራሱ መጣ። ጡብ ሠሪ ነው። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የጣቶቹ ስንጥቆች ውስጥ በውሃ የማይለቅ ቀይ ጭቃ ገብቷል።

«ሦስቱንም ደብዳቤ የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለው ኃላፊው።

«አንዱን ነው የጻፍኩት። ሁለቱን ገለበጥኳቸው።»

ኃላፊው እትዬ ጥላን አስጠራት። ፎቶዎቹን ይዛ መጣች፤ መነጽሩንም ተከለች። ያነበበችውን የምታስታውሰው ትናንት እንዳነበበችው አድርጋ ነው።

«ይኸው» አለች በእርሳስ ጫፍ እያመለከተች። «ረጅም ጣሪያ። ፊት ለፊቱ ሣር ያልበቀለበት ግቢ፤ ብዙ እግር ስለሚረግጠው ነው ነጭ የሆነው። ከየአቅጣጫው ስምንት የእግር መንገዶች ወደ ግቢው ይገባሉ። ሰው በየቀኑ ካልሄደበት መንገድ እንዲህ አይወጣለትም። ይህ ቀጭን ጥላ የባንዲራ ምሰሶ ነው። እነዚህ መስመሮች ደግሞ ሰልፍ ናቸው። የጥላውን ርዝመት ለክቼ ሰዓቱን አስልቼዋለሁ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ልጆች ክፍል ሊገቡ የሚሰለፉበት ሰዓት ነው።»

ጡብ ሠሪው ጎንበስ ብሎ አየ።  ከዚያ ደንግጦ ቀና አለና ወለሉን አየ፤ ተመልሶ ጎንበስ አለ።

«ይሄማ የእኛ ምድጃ ነው» አለ።

«የቱ?»

«ሁሉም። ረጅሙ ጣሪያ የጡብ ማድረቂያችን ነው። ምሰሶ ያሉት የጭስ ማውጫው ቱቦ ነው። በስምንቱ መንገድ የምንመጣው እኛ ሠራተኞቹ ነን። ሰልፉ ጡብ ነው።»

«ጡብ?»

«አየር እንዲገባው ክምር ክምር እያደረግን እንደረድረዋለን። ልጅ እኮ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሰለፍም፣ እህቴ። የእኔን ባዩዋቸው።»

እትዬ ጥላ እጅ አልሰጠችም። «የጭስ ማውጫ ከሆነ ጭሱ የት አለ?»

«እሑድ እሳት አናነድማ!»

«እሑድ መሆኑን በምን አወቁ?»

«አላወቅኩም። ጭስ የለም ሲሉኝ ነው። ጭስ የማይኖረው እሑድ ብቻ ነው።»

በፎቶው ጠርዝ ላይ የበረራው ሰዓትና ቀን ይታተማል። ሰዓቱ ደብዝዞ ስለነበር ነው ከጥላው ያሰላችው፤ በዚያም ስሌት ለሁለት ሳምንት ያህል በኩራት ተንጎራዳለች። ቀኑ ግን አልደበዘዘም ነበር። በኃላፊው ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ የዘንድሮ ስለሆነ ወደ መዝገብ ቤት ወረደች፣ የዚያን ዓመቱን አስወጣች፣ በጣቷ ተከተለች። እሑድ ነው። ደረጃውን ስትወጣ አንድ ባልደረባዋ «እትዬ ጥላ፣ ምነው ደህና አይደለሽም እንዴ?» አላት። «እሑድ ነበር» አለችው። እሱም የሆነ ሰው ሞቶባት መስሎት ነፍስ ይማር አላት።

ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፤ አልተቆጣም። «ካርታው ይታረማል» አለ። «ለማረም ግን የመስክ ማረጋገጫ ቅጽ ያስፈልጋል። ለመስክ መኪና ያስፈልጋል። መኪናው ጋራዥ ነው፤ ሞተሩ ወርዷል።»

«መቼ ይወጣል?» አለ ጡብ ሠሪው።

«ሞተሩ ሲመለስ።»

እትዬ ጥላ በዚያው ቀን የአምስት ቀን ፈቃድ ጠየቀች፤ ቅጹንም ያዘች። ማታ እራት ላይ ነገሩን ስትነግራት እህቷ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለች። «አንቺ? አውቶቡስ?» አለች።  ጠዋት ሲነጋ ግን ሁለት ሎሚና ስድስት ፌስታል በቦርሳዋ ውስጥ ከትታላት ነበር።

ስድስቱም አልበቁም። ጡብ ሠሪው ከጎኗ ተቀምጦ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ቆየ፤ የሚታይ ነገር ስላለ ሳይሆን እንዳታፍር ብሎ ነው። ከወረዱ በኋላ በእግር አንድ ሰዓት ሄዱ። መሬቱን ከላይ ታውቀዋለች፤ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ እሷ ነበረች የምትነግረው። «ከዚህ ኩርባ በኋላ ሦስት ትልልቅ ዛፎች አሉ» ትላለች፤ ሲደርሱ ሁለቱ ጉቶ ሆነዋል። «አንዱ አለ» ትላለች።

ወደ ምድጃው ሲቃረቡ ድምፅ ሰሙ። ብዙ ልጆች አንድ ላይ ሆነው ይቆጥራሉ፤ ሰባት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለያያል፤ እንደገና ይጀምራሉ። በማድረቂያው ጣሪያ ሥር፣ ክምር ጡብ ላይ፣ ሠላሳ አንድ ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አንድ ኮት የለበሰ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ጠመኔ ይዞ ቆሟል። የሚጽፈው ከማጠፊያው ተነቅሎ ግድግዳ ላይ በተደገፈ የምድጃ በር ላይ ነው፤ በሩ በጥላሸት ጠቁሯል።

ጡብ ሠሪው ባለበት ቀረ።

«እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?» አለችው እትዬ ጥላ በጥርጣሬ።

«ሦስቱ የእኔ ናቸው» አለ።

የጡብ ሠሪው ሚስት እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች መጣችና አስረዳች። ባሏ ወደ ከተማ በወጣ ማግስት ሰውየው የምደባ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ባሏ ደጋግሞ ከሚጽፈው አቤቱታ የተነሣ መዝገቡን ቢያገላብጥ፣ ካርታው ላይ ያለው ትምህርት ቤት አንድም መምህር እንዳልተመደበለት ደረሰበት። ቶሎ ርዕሰ መምህር ላከ።

«‹ትምህርት ቤቱ የት ነው?› አለኝ። ‹የለም› አልኩት። ‹ካርታው ላይ አለ› አለኝ። ‹እንግዲያው ፈልገው› አልኩት። ቀኑን ሙሉ ካርታውን ይዞ ሲዞር ዋለና እዚህ መጥቶ ተቀመጠ። ልጆቹ ሊያዩት ተሰበሰቡ። ሲሰበሰቡለት ጊዜ ጀመረ።»

«ሥራ መጀመሩን ማን ፈረመለት?» አለች እትዬ ጥላ። የመሥሪያ ቤት ሰው ናት፤ መጀመሪያ የሚታያት ይህ ነው።

«ባሌ ሳይኖር እኔ ፈረምኩ። ማህተም ያስፈልጋል ሲለኝ የምድጃውን መታሁለት።»

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን በኋላ አሳያት። ከፊርማው አጠገብ በክብ ማህተም «ጥራቱ የተረጋገጠ ጡብ» ይላል።

«ካርታውን የሠሩት እርስዎ ነዎት?» አላት።

«ፎቶውን ያነበብኩት እኔ ነኝ» አለች፤ ሊወቅሳት መስሏት ወገቧን አጠንክራ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ርዕሰ መምህሩ። «አሥራ ስምንት ዓመት ምክትል ነበርኩ።»

ከሰዓት በኋላ ጡብ ሠሪው ወደ ጎን ወሰዳት። ባርኔጣውን በእጁ ያዞር ጀመር።

«እህቴ፣ ያ ቅጽ... ትንሽ ቢቆይስ?»

«ለዚህ ቅጽ አይደል እንዴ ያን ሁሉ የጻፉት?»

«ነው። አሁን ግን የቆጡን አወርድ ስል የብብቴን ልጥል ነው። ‹ትምህርት ቤት የለም› ብለው ከጻፉ መምህሩን ይወስዱብናል። አዲስ ለማሠራት ጥናቱ ብቻ ስድስት ዓመት ይፈጃል ብለውኛል። በስድስት ዓመት ታናሽየውም ጢም ያወጣል።»

«እንዲህ አውቄ ውሸት ልጻፍ?»

«ውሸትማ አይደለም። ይኸው ቆመው እያዩት!»

 እትዬ ጥላ ቅጹን ጭኗ ላይ አድርጋ ጡብ ላይ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያውን መስመር እንኳ ሳትጽፍ ልጆቹ ተበተኑ። ከቤቷ ስትወጣ የቆረቆራት ስህተቷ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ያላገኘባትን ስህተት ጭቃ የነካው ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ማግኘቱ። እዚህ ተቀምጣ ግን ያ ነገር እያነሰባት ሄደ። በቦታው ሌላ መጣ፤ ልጆቹ በየቀኑ ይሄዱበት የነበረው መንገድ።

በማግስቱ ጠዋት የጡብ ሠሪውን ሚስት «ልጆቹ ይሄዱበት የነበረው የድሮው ትምህርት ቤት የት ነው? አሳዪኝ» አለቻት።

አብረው ሄዱ። ሩቡን ሳይሄዱ አንድ ገደል ላይ ደረሱ። እትዬ ጥላ ታውቀዋለች፤ ፎቶው ላይ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ናት፣ «አነስተኛ ቦይ» ብላ የጻፈችባት። እናትየው ቀሚሷን ሰብስባ በቂጧ ተንሸራታ ወረደች። እትዬ ጥላም ቢሮ የምትለብሰውን ቀሚስ ሰብስባ ተንሸራተተች። ታች ሲደርሱ ሁለቱም ትንሽ አረፉ።

«ዝናብ ሲሆንስ?» አለች እትዬ ጥላ።

«ዝናብ ሲሆን ይቀራሉ» አለች እናትየው። «ትልቋ አንድ ጊዜ አልቀርም ብላ ሄደች። ደብተሯን ጎርፉ ወሰደው። እሷን ያዝኳት።»

«በምኗ?»

«በፀጉሯ።»

የድሮው ትምህርት ቤት ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ወሰደባቸው። እትዬ ጥላ በሩን ነካችና ተመለሰች።  ሲመለሱ አንድ ቦታ ላይ እናትየው ዞር ስትል ፎቶ አንባቢዋ ቆማ ዓይኗን በመዳፏ ስትጠርግ አየቻት። አቧራ ይሆናል ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ቅጹን ምድጃው አጠገብ ቆማ ሞላችው። «ረጅሙ ጣሪያ፦ የጡብ ማድረቂያ። ምሰሶው፦ የጭስ ማውጫ። ሰልፉ፦ ጡብ። በቀደመው ንባብ ስህተት ተፈጽሟል፤ ስህተቱ የእኔ ነው። ጉብኝቱ በተደረገበት ቀን በዚሁ ጣሪያ ሥር አንድ የተመደበ መምህርና ሠላሳ አንድ ተማሪዎች በትምህርት ላይ ታይተዋል።» የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ትምህርት ቤት ማለት «መምህር ተመድቦለት ዘወትር ትምህርት የሚሰጥበት ቦታ» ነው ይላል። ስለ ግድግዳ የሚለው ነገር የለም። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፈች፤ ጡብ ማምረቻም ትምህርት ቤትም።

ኃላፊው ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበበው። «እትዬ፣ አንድ ነጥብ ላይ ሁለት ምልክት አይቀመጥም።»

«አንዱን ገፋ እናደርገዋለን። መንገድና ወንዝ ሲጠጋጉብን እንደምናደርገው።»

«የቱ ይገፋ?»

«ምድጃው አንዴ የተተከለ ነው። ትምህርት ቤቱ ይገፋ።»

የትምህርት ቤቱ ምልክት ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ምሥራቅ ተገፋ። በዚያ ካርታ ሁለት ሚሊ ሜትር መሬት ላይ መቶ ሜትር ነው። የታረመው ወረቀት ለሚመለከታቸው ሁሉ ተላከ።

ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አዲሱን ካርታ ሲያገኝ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ላከ። ኮሚቴው ካርታውን ይዞ፣ እርምጃ ቆጥሮ፣ ትክክለኛው ነጥብ ላይ ቆመ። ኩርንችት ያለበት ባዶ ሜዳ ነው። መምህሩ ተገኝቷል፤ ተማሪዎቹ ተገኝተዋል፤ ሕንጻው አልተገኘም። ብዙም ሳይቆይ ለእትዬ ጥላ ደብዳቤ መጣ፦ «ትምህርት ቤቱ የፈረሰው መቼ እንደሆነ ይገለጽልን።»

«አልፈረሰም። ኖሮ አያውቅም» ብላ መለሰች።

«መልሱ ከጥያቄው ጋር ስለማይገናኝ በድጋሚ ይገለጽልን» የሚል መጣ።

በእግሯ ሄደች፤ ጽሕፈት ቤቱ ቅርብ ነው። ጉዳዩን የያዘችው ባለሙያ ጠረጴዛዋ በፋይል ታጥሮ ግንባሯ ብቻ ነው የሚታየው። እትዬ ጥላ ከእሑዱ ጀምራ እስከ ሁለቱ ሚሊ ሜትር አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ባለሙያዋ ሳታቋርጥ ሰማቻት።

«ጨረሱ?» አለች። «እንግዲህ ይስሙኝ። አዲስ ትምህርት ቤት ጥናት ይፈልጋል፤ ስድስት ዓመት ነው። የፈረሰ ግን በዓመቱ መተካት አለበት፤ መመሪያው እንዲህ ነው የሚለው። ታዲያ የቱን ልጻፍ?»

«እውነቱን።»

«እውነቱማ ሕንጻ የለም ነው። ሁለቱም ቅጽ ላይ ‹ሕንጻ የለም› ነው የሚባለው። የሚለያየው ‹ምክንያት› የሚለው ሳጥን ነው።»

እትዬ ጥላ ብዙ አሰበች። ገደሉን አሰበች፤ ፀጉሯን ተይዛ የወጣችውን ልጅም አሰበች። በሕይወቷ ያላነበበችውን ጽፋ አታውቅም፤ ያነበበችውንም ሳትጽፍ ቀርታ አታውቅም ነበር።

«ምክንያት የሚለው ባዶ መቅረት ይችላል?»

«ይችላል» አለች ባለሙያዋ። «ያኔ የበላይ ኮሚቴው ራሱ ይተረጉመዋል።»

ባዶ ቀረ። የበላይ ኮሚቴው ተረጎመው። በዓመቱ፣ ኩርንችቱ ሜዳ ላይ፣ ካርታው እንደሚለው ልክ ከምድጃው መቶ ሜትር በምሥራቅ በኩል፣ «የፈረሰው ትምህርት ቤት መልሶ ግንባታ» የሚል ሰሌዳ ቆመ። አራት ክፍል ተሠራ። ጡቡ ሩቅ አልተፈለገም። ርዕሰ መምህሩ በገባ በሦስተኛው ቀን የምድጃው ጭስ በመስኮት ይገባል ብሎ አቤት አለ፤ ጡብ ሠሪውም እሑድ ለምን አታስተምርም አለው። ስድስት ወር ያህል ተኳርፈው በስንት ሽማግሌ ታረቁ። የጡብ ሠሪው ትልቋ ልጅ አንደኛ ወጣች፤ ታናሽየው አልወጣም።

ትምህርት ቤቱ ሲመረቅ እትዬ ጥላ አልሄደችም። ሌላ ሥራ ይዛ ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ንባቧን ከመዝገብ ቤት አስወጥታ፣ «ያለ ጥርጥር» ብላ የፈረመችባቸውን ለይታ በዝርዝር ጻፈቻቸው። አርባ ስድስት ናቸው። ሄዳ በዓይኗ ልታረጋግጣቸው መኪና ይሰጠኝ ብላ አመለከተች፤ ሞተሩ አልተመለሰም። ስለዚህ በየቅዳሜው በአውቶቡስ መሄድ ጀመረች። እህቷ በሳምንት ስምንት ፌስታል መደበችላት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የሄደችው «ክብ፣ ጥቁር፣ ጥላው ወደ ውስጥ የወደቀ፤ የውሃ ማጠራቀሚያ» ብላ ወደጻፈችበት ቦታ ነው። ከአውቶቡስ ወርዳ ፊቷን ታጠበችና መንገድ ዳር ልብስ የምታሰጣ ሴት ጠየቀች።

«እባክሽ የኔ እህት፣ እዚህ አካባቢ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ?»

«አለ» አለች ሴትየዋ። «ከቤቱ ጀርባ ነው። ምነው?»

«ምንም።»

ዞራ ሄደች። ክብ ነው፤ ውሃ ሞልቶበታል። ዳሩ ላይ ተቀምጣ የያዘችውን ምሳ በላች፤ ዝርዝሩን አውጥታ አንደኛው ላይ ምልክት አደረገችና የመልሱን አውቶቡስ ለመያዝ ተነሣች።